የእግዚአብሔርን ደጅ የጠናች፦ ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ዐሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ጸሎት ያስተማራቸውን ሁለት ምሳሌዎች አከታትሎ ጽፎልናል። በመጀመሪያው ምሳሌ አንዲት ረዳት የሌላት መበለት፣ እግዚአብሔርን ወደማይፈራና ሰውን ወደማያፍር ዳኛ ሳትሰለች እየተመላለሰች በመጨረሻ ፍርዷን ታገኛለች። በሁለተኛው ደግሞ አንድ ቀራጭ በቤተ መቅደስ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ዐይኑን ወደ ሰማይ ለማንሣት እንኳ ሳይደፍር፣ ደረቱን እየደቃ ምሕረትን ይለምናል፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ይመለሳል። መበለቲቱ ጽናትን፣ ቀራጩ ትሕትናን ያስተምሩናል። ወንጌላዊው ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖራቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ጽናት ያለ ትሕትና ግትርነት፣ ትሕትናም ያለ ጽናት ተስፋ መቁረጥ ይሆናልና።

ለአገራችን ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ደጅ መጥናት የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ደጅ ጠኚ ብርዱንና ፀሐዩን ታግሦ ይቆማል፤ ዛሬ ካልተሳካለት ነገ ይመለሳል። ኩሩ ሰው ደጅ አይጠናም፤ ለመለመን ይከብደዋልና። ተስፋ የቈረጠ ሰውም ደጅ አይጠናም፤ በሩ ይከፈታል ብሎ አያምንምና። ስለዚህ ደጅ በሚጠና ሰው ዘንድ ጽናትና ትሕትና አንድ ላይ ይገኛሉ።

ነገር ግን ትሕትና የሚመስል፣ ትሕትና ያልሆነ አንድ ፈተና አለ። በኃጢአት የወደቅን ዕለት፣ እኔ በምን አፌ እጸልያለሁ እንላለን። ስንፍናችንን እያሰብን በእግዚአብሔር ፊት መቆምን እንደ ድፍረት እንቈጥረዋለን። መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና ከዚያ እጸልያለሁ ብለን ለራሳችን ቀጠሮ እንሰጣለን። እንዲህ ስንል መቁጠሪያችን ከተሰቀለበት ሳይወርድ ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ይሆናል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ይህን መራቃችንን ራስን ዝቅ እንደ ማድረግ አድርገን መቍጠራችን ነው።

በዚህ ፈተና ውስጥ ወድቃ የተነሣች፣ ከተነሣችም በኋላ ሌሎች እንዳይወድቁበት ዕድሜዋን ሙሉ ያስጠነቀቀች አንዲት ቅድስት አለች። እርሷም ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ናት። የሕይወቷን ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቷና ወጣትነቷ

ተሬዛ በመጋቢት 28 ቀን 1515 ዓ.ም. በስፔን አገር፣ በካስቲልያ አውራጃ፣ በድንጋይ ቅጥር በታጠረችው በአቪላ ከተማ ተወለደች። አባቷ ዶን አሎንሶ ደ ሴፔዳ፣ እናቷ ወይዘሮ ቤያትሪስ ደ አኹማዳ ይባሉ ነበር። በአባቷ ቤት ዐሥራ ሁለት ልጆች ነበሩ። አያቷ ከአይሁድ ወገን ወደ ክርስትና የገቡ የቶሌዶ ነጋዴ ሲሆኑ፣ በ1485 ዓ.ም. በሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት የአደባባይ ንስሓ ተፈርዶባቸው ነበር። የዘርና የክብር ነገር እንደ እሳት በሚያቃጥልበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ታሪክ በቤተሰቡ ዘንድ በዝምታ የሚታለፍ ነበር። ተሬዛም ስለ ዘር ክብር የሚደረገውን ፉክክር እስከ ዕለተ ሞቷ አጥብቃ የጠላች ሴት ሆነች።

ሕፃን ሳለች የሰማዕታትን ገድል አንብባ ከወንድሟ ከሮድሪጎ ጋር ለሰማዕትነት ወደ እስላሞች አገር ለመሄድ ከቤት ወጥታ ነበር። አጎታቸው ከከተማው ቅጥር ውጭ አግኝተው መለሷቸው። እናቷ በሞቱባት ጊዜ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቃ ከእንግዲህ እናት እንድትሆናት እያለቀሰች ለመነች። ከዚያ በኋላ ግን የፈረሰኞችን የጀብዱ ልብ ወለድ ማንበብ፣ ማጌጥና ጨዋታ ወደደች። አባቷም በ1531 ዓ.ም. ለትምህርት በአጎስጢኖሳውያት ደናግል ገዳም አስገቧት።

በዚያ ሳለች የምንኵስና ሐሳብ ቀስ በቀስ በልቧ ገባ። ሃያ ዓመት ሲሆናት፣ በ1535 ዓ.ም. አባቷ ሳይፈቅዱላት ከቤት ወጥታ በአቪላ በሚገኘው የቀርሜሎስ ማኅበር የትስብእት ገዳም ገባች። ከአባቷ ቤት በወጣችበት ሰዓት የተሰማት የመለየት ሥቃይ ከሞት ሥቃይ የማያንስ እንደ ነበረ ኋላ ጽፋለች።

ብዙም ሳይቈይ በጠና ታመመች። ለሕክምና ወደ ገጠር ስትወሰድ መንገድ ላይ አጎቷ የፍራንቸስካዊው የፍራንሲስኮ ደ ኦሱናን መጽሐፍ ሰጧት። መጽሐፉ ሐሳብን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በልብ ስለ መጸለይ የሚያስተምር ነበር። ተሬዛም እንደ መምህር አድርጋ ያዘችው። ሕክምናው ግን በሽታዋን አባሰው። በነሐሴ 1539 ዓ.ም. ለአራት ቀናት ያህል ራሷን ስታ ስለ ነበር የሞተች መስሏቸው በገዳሟ መቃብር ተቈፍሮ አንድ ቀን ተኩል ጠበቃት። አባቷ አልቀብርም ብለው ባይከላከሉ ኖሮ ከነሕይወቷ በተቀበረች ነበር። ከነቃች በኋላ ሦስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሰውነቷ ሽባ ሆኖ ቈየ። በእጅና በጉልበቷ መዳኽ በጀመረች ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ለመዳኗም የቅዱስ ዮሴፍን አማላጅነት ምክንያት አደረገች።

ከጸሎት የራቀችበት ጊዜ

ከዚህ ሁሉ መከራ የወጣች ነፍስ ዳግመኛ አትደክምም ብለን እናስብ ይሆናል። ተሬዛ ግን ደከመች። የትስብእት ገዳም ብዙ መነኰሳይያት የሚኖሩበት ስለ ነበር፣ ከከተማው ሰው ጋር በእንግዳ መቀበያው ክፍል መጨዋወት የተለመደ ነበር። ተሬዛ አንደበተ ርቱዕና ተወዳጅ ስለ ነበረች እንግዶች ይበዙላት ነበር። ከባድ ኃጢአት ሠራች የሚል ታሪክ የለም፤ ልቧ ግን ተከፈለ። ጧት ከጌታ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ከዓለም ወሬ ጋር መሆን አስጨነቃት። በመጨረሻም፣ እንዲህ ሆኜ ከጌታ ጋር በቅርብ ለመነጋገር ማን ነኝ በማለት የልብ ጸሎትን ተወች። እንደ ብዙዎቹ መነኰሳይያት በቃል የሚደገመውን ጸሎት ብቻ እያደረሰች መኖር የትሕትና መንገድ መሰላት። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ዓመት በላይ ቈየች።

በዚህ ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር በተለይ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን። ተሬዛ ቀደም ሲል አባቷን የልብ ጸሎት አስተምራቸው ነበር። ሽማግሌው ትምህርቱን በትጋት ይዘው እጅግ ወደ ፊት ሄዱ። ሊጠይቋት በመጡ ቍጥር ስለ ጸሎት ያጫውቷታል፤ እርሷ ግን ትታዋለች። አባቷ እንደ ቀድሞዋ የምትጸልይ መስሏቸው ሲናገሩ መታገሥ ስላቃታት፣ አሁን እንደማትጸልይ ነገረቻቸው፤ ምክንያቱ ግን ሕመሟ እንደ ሆነ አድርጋ አቀረበች። እርሳቸውም አምነው አዘኑላት። አባቷ በጸሎት እያደጉ ሲሄዱ ከእርሷ ጋር የሚያሳልፉትን ሰዓት እያሳጠሩ መጡ፤ በወሬ ጊዜ ማጥፋት ሆኖ ታይቷቸዋልና። መምህርቷ ከኋላ ቀርታ ተማሪው ቀደማት። ሌላውን ወደ ምንጭ እየመሩ በራስ ጥም መቅረት እንዳለ ከዚህ እንማራለን።

ዶን አሎንሶ በታኅሣሥ 1543 ዓ.ም. ዐረፉ። ተሬዛ ራሷ ታማ እያለች አስታመመቻቸው። የአባቷ የንስሓ አባት የነበሩት ዶሚኒካዊው አባ ቪሴንቴ ባሮን የተሬዛንም ኑዛዜ ተቀብለው፣ በምንም ምክንያት ጸሎትን እንዳትተው መከሯት። ታዘዘችና ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞቷ ድረስ የልብ ጸሎትን ዳግመኛ አልተወችም።

ኋላ የሕይወቷን ታሪክ ስትጽፍ፣ ዲያብሎስ ካቀረበላት ፈተናዎች ሁሉ የከፋው በትሕትና ስም ጸሎትን ያስተዋት እንደ ነበረ አስረግጣ ተናግራለች። ሰው የቱንም ያህል ቢወድቅ ጸሎትን ካልለቀቀ ጌታ ወደ መዳን ወደብ እንደሚያደርሰው መሰከረች። ጸሎትን የተወ ግን መድኃኒቱን የጣለ በሽተኛ ነው። ታሞ ሐኪም ቤት የማይሄድ፣ ስድን ብቻ እሄዳለሁ የሚል ሰው ቢኖር ትሑት ሳይሆን አላዋቂ እንለዋለን።

የድርቀት ዓመታት

ወደ ጸሎት መመለሷ ግን ወዲያው ጣፋጭነትን አላመጣላትም። ለብዙ ዓመታት በልቧ ድርቀት ተፈተነች። ከቅዱስ ቍርባን በኋላ ካልሆነ በቀር መጽሐፍ ሳትይዝ ለመጸለይ አትደፍርም ነበር። መጽሐፉ እንደ ጋሻ ሆኖ የሚባዝነውን ሐሳቧን ይሰበስብላት ነበር። ለጸሎት የወሰነችው ሰዓት ቶሎ እንዲያልቅ የምትመኝበት፣ ከጸሎቱ ይልቅ የሰዓቱን ደወል የምታዳምጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ወደ ጸሎት ቤት ለመግባት ስትነሣ የሚጫናት ኀዘን ከባድ ስለ ነበር፣ ያላትን ድፍረት ሁሉ አሰባስባ ራሷን እያስገደደች ትገባ ነበር።

ይህን የምታወራልን የቤተ ክርስቲያን የጸሎት መምህርት መሆኗን አንርሳ። ብዙዎቻችን በጸሎት ጊዜ ሐሳባችን ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄድብን ጸሎታችን ከንቱ እንደ ሆነ እንቈጥራለን። ተሬዛ ግን ራሷን አስገድዳ በቈየችባቸው ሰዓታት መጨረሻ ላይ፣ ፈልጋ ከጸለየችባቸው ጊዜያት ይልቅ የበለጠ ሰላም ያገኘችበት ጊዜ እንደ ነበረ ጽፋለች። ደጅ የጠናው ሰው ጌታው ባያነጋግረው እንኳ መቆሙን ጌታው ያያል።

ጌታ በሩን ሲከፍት

በ1554 ዓ.ም. ተሬዛ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ወደ ጸሎት ቤት ስትገባ ለበዓል ተውሰው ያመጡትን፣ ጌታችን በቍስል ተሸፍኖ የሚያሳይ ምስል አየች። ለዚያ ቍስል ምን ያህል ውለታ ቢስ እንደ ሆነች ተሰማትና በምስሉ ፊት ወድቃ አለቀሰች፤ እንዳያሳዝነው ኀይል እስኪሰጣት ድረስ እንደማትነሣ ለጌታ ነገረችው። በዚያው ሰሞን የቅዱስ አጎስጢኖስን የኑዛዜ መጽሐፍ አነበበች። ቅዱሱ በአትክልቱ ቦታ ድምፅ የሰማበት ክፍል ላይ ስትደርስ፣ ለእርሷ የተነገረ ያህል ልቧ ተነካ።

በዚህ ጊዜ የተለወጠውን ነገር ራሷ በግልጽ አስቀምጣዋለች። ቀድሞ እግዚአብሔርን ስትለምን በራሷ ኀይል ላይ ያላት መተማመን ጨርሶ አልጠፋም ነበር። አሁን ግን በራሷ መታመንን ትታ ተስፋዋን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣለች። የብዙ ዓመት ጽናቷ ፍሬ ያፈራው ትሕትናዋ በተፈጸመበት ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር በጸሎት ጊዜ ልዩ ልዩ ጸጋዎችን ሰጣት። ነገር ግን ጸጋው አዲስ ፈተና አስከተለ። ያማከረቻቸው አንዳንድ ሰዎች ከሰይጣን ነው ብለው ፈሩ። እርሷም ያየችውንና የተሰማትን ሁሉ ለንስሓ አባቶቿ እየገለጠች፣ ከራሷ ሐሳብ ይልቅ ታዛዥነትን መረጠች። ኢየሱሳውያን ካህናትና በ1560 ዓ.ም. ያገኘችው ቅዱስ ጴጥሮስ ዘአልካንታራ መንፈሷን መርምረው አጽናኗት። በ1559 ዓ.ም. የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት በአገሩ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ መንፈሳውያን መጻሕፍትን ሲከለክል የምትወዳቸውን መጻሕፍት አጣች። ያን ጊዜም ጌታ ራሱ ሕያው መጽሐፍ እንደሚሆናት ተረዳች።

የገዳማት እናት

ተሬዛ በጥቂት እኅቶች፣ በድኽነትና በጸጥታ የሚኖር ገዳም ለመመሥረት አሰበች። በነሐሴ 24 ቀን 1562 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም በአቪላ በአራት ደናግል ተከፈተ። ከተማይቱ ታወከች። የከተማው ምክር ቤት ገዳሙ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ ተሬዛም በዚያው ቀን ወደ ቀድሞ ገዳሟ ተጠርታ እንድትመለስ ታዘዘች። ሳታጕረመርም ተመለሰች። ነገሩ ጋብ ካለ ከወራት በኋላ ወደ ትንሿ ገዳም እንድትሄድ ተፈቀደላት። በዚያ የእኅቶች ቍጥር ዐሥራ ሦስት እንዲሆን ወሰነች። የመኳንንት ልጅም ሆነች የድኻ ልጅ፣ ሁሉም በእኅትነት ስም ብቻ እንዲጠሩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት በልብ ጸሎት እንዲቈዩ፣ በወጥ ቤቱና በጽዳቱ ተራ እንዲገቡ አደረገች።

ከ1567 ዓ.ም. ጀምሮ በተሸፈነ ሠረገላ፣ በጭቃና በሐሩር፣ ከበሽታዋ ጋር እየታገለች በመላ ካስቲልያና እስከ ደቡብ አንዳሉሲያ ተጓዘች። እስክትሞት ድረስ የመሠረተቻቸው የደናግል ገዳማት ዐሥራ ሰባት ደረሱ። በ1568 ዓ.ም. ከቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ጋር ተባብራ የወንዶቹ ተሐድሶ በዱሩዌሎ ተጀመረ።

ከሥራዋ ሁሉ ትሕትናዋን የሚያሳየን በ1571 ዓ.ም. የሆነው ነው። የበላይ አለቆች የቀድሞ ገዳሟ የትስብእት እመ ምኔት አድርገው ሾሟት። በዚያ ያሉ መነኰሳይያት ግን ሳንመርጥ ተሾመችብን ብለው ተቃወሙ፤ በገባችበት ቀን ጩኸትና ሁከት ሆነ። በመጀመሪያው ጉባኤ መነኰሳይያቱ ሲገቡ በእመ ምኔቷ ወንበር ላይ የእመቤታችን ምስል የገዳሙን ቍልፍ ይዞ ተቀምጦ አገኙት። ተሬዛ ከምስሉ እግር ሥር ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። የገዳሙ አስተዳዳሪ እመቤታችን እንደ ሆነች፣ እርሷ ግን ልታገለግላቸው እንደ መጣች አስረዳቻቸው። ቍጣው በረደ፤ ቀስ በቀስም ወደዷት።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ቀላል አልነበሩም። በማኅበሩ ውስጥ በተነሣው ክርክር ምክንያት ከአንድ ገዳም እንዳትወጣ ታዘዘች። የጳጳሱ እንደራሴ የነበሩት ፌሊፔ ሴጋ ዕረፍት የሌላት፣ ታዛዥ ያልሆነች ሴት አድርገው ነቀፏት። በ1577 ዓ.ም. መጨረሻ ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል በገዛ ወንድሞቹ ታሰረ። በዚያው ዓመት የልደት ዋዜማ ተሬዛ ከደረጃ ወድቃ ግራ ክንዷ ተሰበረ። ነገር ግን ውስጣዊ ግምብ የተባለውን ታላቅ መጽሐፏን የጻፈችው በዚሁ የመከራ ዓመት ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በ1580 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ሦስተኛ ተሐድሶ የተቀበሉት የራሳቸው አስተዳደር እንዲኖራቸው ፈቀዱ።

ስለ ጸሎት ያስተማረችው

ቅድስት ተሬዛ ስለ ጸሎት ስታስተምር በቤትና በመስክ ያሉትን ነገሮች ትጠቀማለች። የጸሎትን ሕይወት በአትክልት ቦታ መስላ፣ ውሃ የሚገኝባቸውን አራት መንገዶች ታሳያለች። መጀመሪያ አትክልተኛው ውሃውን ከጕድጓድ በባልዲ እየቀዳ ይደክማል። ቀጥሎ በሚሽከረከር መሣሪያ በትንሽ ድካም ብዙ ውሃ ይወጣለታል። ከዚያ ወንዝ ወይም ምንጭ እርሻውን ያረሰርሳል። በመጨረሻ ዝናም ከሰማይ ይዘንማል፤ ያን ጊዜ የሰው ድካም የለም። የዝናሙ ጌታ እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ ባልዲውን አለመጣል ነው። ጕድጓዱ ደርቆ ባልዲው ባዶውን ቢወጣ እንኳ አትክልተኛው ወደ ጕድጓዱ መሄዱን ከቀጠለ፣ ጌታ ያለ ውሃም አበባውን እንደሚያቈይ ታስተምራለች። ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የሚሄዱ እናቶችና እኅቶች ይህን ምሳሌ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ስለ ትሕትና ደግሞ በንብ ትመስላለች። ንብ በቀፎ ውስጥ ሆና ማር ትሠራለች፤ ነገር ግን ወደ አበባው ካልበረረች ማሩ አይሠራም። እንዲሁም ነፍስ ራሷን ለማወቅ ወደ ውስጥ ማየት ይገባታል፤ ዘወትር የራሷን ጕድፍ ብቻ እያየች ከተቀመጠች ግን ትደክማለች። ስለዚህ ወደ እግዚአብሔር ታላቅነት መብረር አለባት። የእርሱን ቅድስና ስታይ የራሷን ዝቅተኛነት ይበልጥ ታውቃለች፤ ምሕረቱንም ስታይ ትደፍራለች። በትምህርቷ ትሕትና በእውነት መመላለስ ነው። እውነቱም ሁለት ወገን አለው፤ እኛ ከራሳችን ምንም የለንም፤ እርሱ ግን ይወደናል። በምን አፌ እጸልያለሁ የሚለው ሰው ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዞ ግማሹን ጥሎታል።

ጸሎት ለተማሩ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስለን፣ የፍጹምነት መንገድ በተባለው መጽሐፏ ስለ አንዲት መነኵሲት ትተርካለች። ይህች መነኵሲት በቃል ከሚደገመው ጸሎት በቀር መጸለይ አልችልም ብላ እያዘነች ወደ ተሬዛ መጣች። ተሬዛ ስትመረምራት፣ አቡነ ዘበሰማያትን በፍቅርና በማስተዋል እየደገመች ከፍ ወዳለ የጸሎት ደረጃ ደርሳ አገኘቻት። በዚሁ መጽሐፍ የጌታን ጸሎት ቃል በቃል ተርጕማ፣ እርሱን በሚገባ የሚጸልይ ሌላ ብዙ ነገር እንደማያሻው አሳየች። በሥራ ለተጠመዱትም ጌታ በወጥ ቤት በድስቶቹ መካከል እንደሚገኝ አስተምራለች።

ዕረፍቷ

በ1582 ዓ.ም. የመጨረሻውን ገዳሟን በቡርጎስ መሥርታ ወደ አቪላ ለመመለስ ስትጓዝ፣ ወደ አልባ ደ ቶርሜስ እንድትሄድ በትእዛዝ ተላከች። ደክማ ነበር፤ ግን ሄደች። በዚያም አልጋ ላይ ዋለች። በመጨረሻዋ ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆና ስለ ሞተች ጌታን አመሰገነች፤ የተሰበረና የተዋረደ ልብ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማይናቅ የሚናገረውን የዳዊት መዝሙርም ደጋግማ ጸለየች። ስድሳ ሰባት ዓመት ኖራ በጥቅምት 4 ቀን ማታ ዐረፈች። በዚያው ሌሊት አዲሱ የጎርጎርዮስ አቈጣጠር ሥራ ስለ ጀመረ ማግሥቱ ጥቅምት 15 ሆነ፤ በዓሏም በዚሁ ቀን ይከበራል።

በ1622 ዓ.ም. ከቅዱስ ኢግናጥዮስና ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮስ ጋር ቅድስናዋ ታወጀ። በመስከረም 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰየሟት። ይህን ማዕርግ በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ጸሎቷን የተጠራጠሩ ሰዎች በነበሩበት ዘመን የኖረችው ሴት ለመላይቱ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መምህርት ሆነች።

እኛስ?

ከቅድስት ተሬዛ ሕይወት የምናገኘው ምክር ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጅማሬና ጽናት ነው። ለጸሎት በቀን የተወሰነ ጊዜ እንስጥ፤ ሩብ ሰዓትም ቢሆን ያን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ አናውለው። ልባችን ሲደርቅ መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት፤ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለን እንድገም። ሐሳባችን ሲባዝን ሳንናደድ እንመልሰው። በወደቅን ዕለት ከጸሎት ከመሸሽ ይልቅ በዚያው ዕለት እንጸልይ፤ ወደ ምስጢረ ንስሓም ፈጥነን እንሂድ። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ልጆችን ጸሎት ሲያስለምዱ፣ ካጠፉ በኋላ ወደ እግዚአብሔር መመለስን አብረው ቢያስተምሯቸው፣ ልጆቹ አድገው በምን አፌ ብለው ከሚሸሹ ይልቅ ቀራጩን መስለው ደረታቸውን እየደቁ የሚመጡ ይሆናሉ። አስተማሪውም ለሌላው የሚቀዳውን ውሃ አስቀድሞ ራሱ ይጠጣ።

የቆምንበት ደጅ የክፉ ዳኛ ደጅ አይደለም። የአባታችን ደጅ ነው። እርሱ በሩን የሚያዘገየው ስለሚንቀን ሳይሆን ልባችንን ሊያሰፋው ስለሚወድ ነውና፣ ቅድስት ተሬዛ በአማላጅነቷ ትርዳን፤ የወደቅነውን ተነሥተን፣ የደከምነውን በርትተን በደጁ እንቆም ዘንድ እግዚአብሔር ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።